በጋኑ ሳይሆን በእህሉ የገባ ጭስ

በጀርመን አገር የቢራ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የምትጠራው ሙኒክ ናት። እኔ ግን ኑርንበርግ ከከተምኩ ወዲህ ልቤ የሚያደላው በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለምትደረሰው ለባምበርግ ነው። ወደ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሚኖርባት በዚህች ከተማ አሥር ገደማ የሚሆኑ ጠመቃ ቤቶች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም የጠመቁትን በራሳቸው መጠጥ ቤት የሚያቀርቡ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፉ የቆዩ የቤተሰብ ቤቶች ናቸው። ዛሬ በየአገሩ «ክራፍት ቢራ» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው ነገር እዚህ የዘወትር ሥራ ነው። በጳጉሜን መባቻ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እንደገና ስለሄድኩ፣ የቀመስኩትና ያሰብኩት ሳይረሳኝ ላሰፍረው ፈለግሁ።

በዚህኛው ጉዞ ብቻዬን አልነበርኩም። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ ፍራንክፈርት ብዙ ዘመን የኖሩ የአገሬ ሰው አብረውኝ ነበሩ። እናታቸው ደብረ ማርቆስ ጠላ እየሸጡ ነው ያሳደጓቸው፤ ስለዚህ በመጠጥ ላይ የሚሰጡትን ፍርድ በቀላሉ አልመለከተውም።

በቅድሚያ የወሰድኳቸው ከካቴድራሉ ኮረብታ ግርጌ ወደሚገኘው ሽሌንከርላ ወደሚባለው ጠመቃ ቤት ነበር። ቤቱ በጽሑፍ ተጠቅሶ የሚገኘው ከ1405 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሆን፣ አሁን የሚመሩት የቤተሰቡ ስድስተኛ ትውልድ ናቸው። ጥቁር ቡኒ መልክ ያለው ማርዘን የተባለው ቢራቸው በጋዝ ግፊት ሳይሆን ከእንጨት በርሜል በራሱ ክብደት ወደ ብርጭቆ ይወርዳል፤ አልኮሉም ከአምስት በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ቢራው ገና ወደ አፍ ሳይደርስ የሚቀድመው የጭስ ሽታ ነው። ለዚህ ጣዕም እንግዳ የሆነ አውሮፓዊ የተጠበሰና በጭስ የደረቀ ሥጋ ይሸተኛል ብሎ ብርጭቆውን ወደ ጎን የሚያደርግበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ በብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶኑ ላይ እንግዳው በመጀመሪያው ጉንጭ ተስፋ እንዳይቆርጥ ይመክራል።

ጋሼ ምክሩ አላስፈለጋቸውም። አንድ ጊዜ አሸተቱ፣ አንድ ጊዜ ጎነጩ፣ ከዚያም «ይሄ ጋኑ በደንብ ታጥኗል» አሉ። ጋን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጭሱም ከዕቃው ሳይሆን ከእህሉ እንደመጣ ስነግራቸው ለጊዜው አላመኑኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብሱ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ ብቅሉ መድረቅ አለበት። የባምበርግ ጠማቂዎች እርጥቡን ብቅል ቀዳዳ ባለው ወለል ላይ አስጥተው ከሥሩ ቢች የሚባለውን እንጨት ያነዳሉ፤ ትኩሱ ጭስ በእህሉ መካከል እያለፈ ያደርቀዋል፣ ያጥነዋልም። በጥንት ጊዜ ብቅሉን በፀሐይ ከማድረቅ ሌላ ያለው አማራጭ እሳት ስለነበረ በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጠጣው ቢራ ጭስ ጭስ የሚል ነበር። ጭሱ እህሉን ሳይነካ ሙቀቱ ብቻ የሚደርስበት ምድጃ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ጠማቂው ሁሉ ከዚህ ጣዕም በደስታ ተገላገለ። በባምበርግ ያልተገላገሉት ሽሌንከርላና ሽፔትሲያል የተባለው ሌላ ጠመቃ ቤት ሲሆኑ፣ ሁለቱም የሚያጨሱትን ብቅል እስከ ዛሬ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። እኛ አገር ብቅሉ የሚደርቀው በፀሐይ ነው፤ ጭሱ የሚመጣው በግራዋ ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ ከሚታጠነው ዕቃ ነው፤ የጠላው ጠቆር ማለት ደግሞ ምጣድ ላይ ከተቆላው አሻሮና ከእንኩሮው ነው። መንገዱ የተለያየ ሆኖ ምላስ ላይ የሚደርሰው ግን እጅግ የተቀራረበ በመሆኑ፣ የጋሼን ስሕተት እንደ ስሕተት መቁጠር አልቻልኩም።

ሁሉም ጎብኚ ሽሌንከርላን ቢያወድስም፣ እኔን ብትጠይቁኝ የምመርጠው ሽፔትሲያልን ነው። ወንዙን ተሻግሮ ላይኛው የንጉሥ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ቤት የተመሠረተው በ1536 እ.ኤ.አ. ነው። የእሱ ጭስ ከኋላ የሚመጣ ነው፤ መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭነት፣ ቀጥሎ ትንሽ ምሬት፣ በመጨረሻ ደግሞ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀር የእሳት ትዝታ። ሽሌንከርላ ጭሱን አስቀድሞ ያሳያችኋል፤ ሽፔትሲያል እንድታገኙት ይተዋችኋል። አስተናጋጇ ደንበኞቹን በስም የምታውቅ ትመስላለች፤ ጠረጴዛው ከሞላም እንግዳ ሰው አጠገብ መቀመጥ የተለመደ ነው። ጋሼ ግን በዚህ አልተስማሙም፤ «ደፍሮ የማይሸት ጭስ ምን ይሠራል?» ብለው በሽሌንከርላው ጸኑ።

ከሽፔትሲያል ፊት ለፊት ያለውን ፌስላ የተባለውን ጠመቃ ቤት የጎበኘነው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው ማለት ይቀላል፤ ጥሩ ቤት ነው፣ ነገር ግን ከሽፔትሲያል ወጥቶ የሚገባበት ሰው ምላሱ ቀድሞ ተይዞበታል። ቩንደርቡርግ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ማርስ እና ኬስማን የተባሉት ሁለት ጠመቃ ቤቶች ተቀራርበው ይገኛሉ። የማርስ ያልተጣራው ቢራ ጋዙ ለስለስ ያለ፣ ደመናማና ዳቦ ዳቦ የሚሸት ሲሆን፣ ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው በቀላሉ ይለምደዋል። የኬስማን ፒልስ የተባለው ቢራ ግን ጥርት ያለና መራራ ነው፤ በጭስ የደከመን ምላስ ለማጠብ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ምግቡ ላይ ተቸገርን። የአካባቢው ዝነኛ ምግብ የአሳማ ትከሻ ጥብስ ነው፤ የታወቀው የባምበርግ ሽንኩርት እንኳ ሆዱ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በተፈጨ የአሳማ ሥጋ ስለሆነ በዳቦና በአይብ አለፍነው። ሽሌንከርላ በዐቢይ ጾማቸው ወቅት፣ ከአመድ ረቡዕ እስከ ፋሲካ፣ ለብቻው የሚያቀርበው የጾም ቢራ እንዳለው ስነግራቸው ጋሼ ተገረሙ፤ በሁዳዴ ጠላ የሚጠጣ አገር ሰው ለምን እንደሚገረም አልገባኝም።

ሌላው የከተማዋ ሰዎች የሚኮሩበት ነገር ሕጋቸው ነው። ቢራ ከገብስ፣ ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባና ከውኃ ብቻ ይሠራ የሚለው የባቫሪያ ድንጋጌ የወጣው በ1516 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የራሷ ገዥ ጳጳስ የነበራት ባምበርግ ግን ተመሳሳዩን በ1489 እ.ኤ.አ. ደንግጋ ነበር። የባቫሪያን ድንጋጌ በ27 ዓመት መቅደማቸውን ሳይነግሩ አይሸኙም። በዚህ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ጌሾ የተጨመረበት የእኛ ጠላ ገና ከበሩ በተመለሰ ነበር።

ወደ ማታ የሽፔትሲያል ኬለር ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጣን። ኬለር ማለት የምድር ቤት ቢሆንም፣ ሰዎች የሚቀመጡት ከላዩ ነው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ጠማቂዎቹ በኮረብታው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ዋሻ እየፈለፈሉ ቢራቸውን በበጋ ያቆዩበት ነበር፤ አፈሩ እንዳይሞቅ ከላይ ዛፍ ተከሉ፣ በዛፉም ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ። ከዚያ ሆኖ የካቴድራሉን አራት ግንቦች መመልከት ይቻላል።

ጋሼ ከመቀመጣቸው ስለ ዓመተ ምሕረቶቹ አነሱ። በየበሩ 1405፣ 1536፣ 1649፣ 1670 የሚል ማየታቸው አሳስቧቸዋል። የእናታቸው ጠላ ቤት ምልክት እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ ነበር፤ ስም አልነበረውም፣ መቼ እንደተጀመረም የጻፈ የለም። እናታቸው ሙያውን ከእናታቸው፣ እነሱም ከእናታቸው ተምረውታል፤ ትውልዱ ቢቆጠር ከስድስት ያንሳል ብዬ አላምንም። እኔ እንደሚመስለኝ በባምበርግ ጠመቃ ግብር የሚከፈልበት፣ ቤትና ስም የሚወረስበት ሥራ ስለነበረ ተመዘገበ፤ የእኛው ግን የባልቴቶችና ባል የሌላቸው ሴቶች የዕለት መተዳደሪያ ተብሎ ስለተናቀ ማንም መዝገብ አልከፈተለትም። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. መመሥረቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፋብሪካ ነውና። ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው «እናቴ ግብርም ይከፍሉ ነበር» ብለው አረሙኝ።

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንመለስ ስለ ቫየርማን ነገርኳቸው። በ1879 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ይህ የብቅል ፋብሪካ ከጣቢያው ብዙ የማይርቅ ሲሆን፣ ለልዩ ልዩ ቢራ የሚሆን ብቅል ወደ ብዙ አገር ይልካል፤ በቢች ጭስ የደረቀውም ብቅል በትንሽ ከረጢት ተገዝቶ ቤት ይደርሳል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለመስቀል ጠላ እንጥመቅ አሉ። ጌሾው ፍራንክፈርት ካሉት የሐበሻ ሱቆች ይገኛል፤ የወይራ እንጨት ደግሞ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ያመጣላቸው አለ። ያልተስማማነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እኔ የጨሰው ብቅል ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ዕቃው ሳይታጠን ይቅር አልኩ፣ እሳቸው ደግሞ ባልታጠነ ዕቃ የተጠመቀ ነገር ጠላ ተብሎ ለሰው አይቀርብም አሉ። ኑርንበርግ እስክንደርስ ተከራክረን ጥንስሱን በሁለት ዕቃ ለመክፈል ተስማማን፤ የታጠነው የእሳቸው፣ ያልታጠነው የእኔ ይሆናል።