መሬት አሳየን

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ለመስጠት ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ። የዘገየሁት አፍሬ ነው። እንዴት እንደተረፍን ለሰው ሳወራ ሁሌም አንዲት ነገር እዘላለሁ። ዛሬ አልዘላትም።

ቀኑ የታናሽ እህቴ ሰርግ ነበር። በመኪና ስድስት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው። አንድ ወዳጄ "በኔ ሄሊኮፕተር ሂዱ" አለን። ባለ አራት መቀመጫ ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት። ራሱ የሚያበር መሣሪያ (ኦቶፓይለት) የላትም። ከደመና ውጭ፣ መሬት እየታየ ብቻ እንድትበር ነው የተፈቀደላት። የተሳፈርነው እኔ፣ ባለቤቴና አብራሪው ነን።

ጠዋት ጉም ነበር። ካፒቴኑ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሰማዩን አዩ፣ ስልካቸው ላይ የአየር ሁኔታውን አዩ። "ሁለት ሰዓት ብንጠብቅስ?" አሉኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። "ካፒቴን፣ ጸልየናል እኮ! ምንም አንሆንም" አልኳቸው።

የምዘላት ይቺን ነው። ጸሎቱን የአየር ትንበያ አደረግኩት። ሰውየውስ ምን ይበሉ? ከጸሎት ጋር ማን ይከራከራል?

ተነሳን። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ደመናው ከላይ ተጫነን፤ ካፒቴኑ ዝቅ አሉ። ደመናው አሁንም ወረደ፤ እሳቸውም አሁንም ዝቅ አሉ። የዛፎቹ ጫፍ እግሬ ሥር ደረሰ። ፍጥነት ቀነሱ። "እንመለሳለን" ብለው መዞር ሲጀምሩ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ዛፍ የለ፣ ሰማይ የለ። መስተዋቱ ላይ የውሃ ጠብታዎች ብቻ ወደ ላይ ይሳባሉ።

እኔ ቀጥ ብለን እየሄድን ነው ብዬ እምል ነበር። ሰውነቴ እንደዚያ ነው የሚለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ አድማስን የሚያሳየው መሣሪያ ግን መስመሩ ወደ ጎን አዘንብሏል። መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝ። ካፒቴኑ ግን ዓይናቸውን ከሱ አልነቀሉም። መሪውን የያዘው እጃቸው ጅማቱ ተገትሯል።

ሄድሴታችን ሰው ሲናገር ማይኩ ራሱ የሚከፈት ዓይነት ነው። ባለቤቴ ከኋላ በሹክሹክታ የምትለው ሁላችንም ጆሮ ውስጥ ገባ። "አባት ሆይ፣ መሬት አሳየን። መሬት ብቻ አሳየን።" ሌላ ቃል አልነበራትም። ካፒቴኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ "አሜን" አሉ።

በእግሬ በኩል ባለው መስተዋት አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በተርታ የቆሙ የአጥር እንጨቶች። "አጥር! አጥር!" ብዬ ጮህኩ። ጉሙ እዚያ ጋ ተቀዶ ሜዳ ይታያል። ካፒቴኑ ወደ ፊት አዩ፣ ወደ ታች አዩ። "ካፒቴን፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እዚሁ ይውረዱ። ሰርጉ ይቅር!" አልኩ። ያን ቃል ከኔ አፍ ያወጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

"እሺ ልጄ" አሉ። እርጥቡ ሣር ላይ ቀስ ብለው አሳረፉን።

ደመናው ውስጥ ምን ያህል ቆየን? ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ይመስላታል። ካፒቴኑ "ሁለት ደቂቃ አትሞላም" ይላሉ።

በኋላ ሳነብ ነው የተንቀጠቀጥኩት። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረገው ጥናት በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልለመዱ 20 አብራሪዎች ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን እንዳያዩ ተደረገ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። የፈጀባቸው በአማካይ 178 ሰከንድ ነው። ያውም አውሮፕላን ነው፤ ሄሊኮፕተር ደግሞ እጅህን ስታነሳላት ቀጥ ብላ አትሄድም። ሚዛን የሚጠብቀው በውስጥ ጆሯችን ያለ ፈሳሽ ነው። ዓይን አድማስ ካጣ፣ ያ ፈሳሽ ቀስ ብሎ የሚመጣን መዞር አይለይም።

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት፣ ልጁና ሌሎች ሰባት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያለቁት በዚሁ ነገር ነው። የእነሱ አብራሪ ብዙ ልምድ ነበረው። ደመና ውስጥ ሆኖ "እየወጣሁ ነው" ብሎ በሬዲዮ ሲናገር ሄሊኮፕተሩ ወደ ግራ እየዞረ ይወርድ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ያዘነበለው መስመር ይታየኛል። እኔም ያን ጊዜ ብጠየቅ ቀጥ ብለናል ነበር የምለው።

ያን ቀን ሜዳው ላይ አርፈን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማናችንም አልወረድንም። ከላይ ያለው ክንፍ እየዘገየ ዞሮ ቆመ። ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

"ይቅር ይበሉኝ ካፒቴን" አልኳቸው።

"አብራሪው እኔ ነኝ። እምቢ ማለት የነበረብኝም እኔ ነኝ" አሉ። መሪውን አሁንም አለቀቁትም።

እስከ ዋናው መንገድ በእግር ሄደን መኪና አገኘን። የደረስነው ማታ፣ ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ነው። እህቴ ተቆጥታ መጣች። ከዚያ ሱሪዬንና ጫማዬን አየች፤ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

"ምንድነው ይሄ?" አለችኝ።

"መሬት ነው" አልኳትና አቅፌያት አለቀስኩ።