ስንመጣ ሳይቆም ስንመለስ የሚቆመው አውሮፕላን

ከዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ ተነስተን 13 ሰዓት ያህል በረን፣ የትም ሳንቆም ቦሌ ገባን። ሰማይ ላይ ጠጥቼ የከደንኩትን የፕላስቲክ ውሃ ሻንጣ እየጠበቅሁ ስከፍተው ፍስ አለ። ገረመኝ፤ ሌላ አገር ሲታረፍ ጠርሙስ ይጨማደዳል እንጂ አይነፋም። ለካ ድሪምላይነር በሚባለው አውሮፕላናችን ውስጥ የምንተነፍሰው አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ይበልጥ የሳሳ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ እኛ በአየሩ በኩል ወጣን ማለት ነው።

የእናቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሁለት ጊዜ አስቆመኝ። "ውፍረት ነው" አለችኝ። አልክድም፣ ግን የአየሩም መሳሳት አለበት።

ስመለስ በረራው ማታ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ ደብሊን ላይ ነዳጅ ለመሙላት እንደምንቆም ሲነገር ወደ እኔ ዞሩ።

"ስንመጣ ሳይቆም አሁን ምን ሆኖ ነው ልጄ? በርበሬያችን ከበደው?"

ሳቅሁ እንጂ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቦሌ ላይ 0.9 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ቀን ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይብስበታል። ክንፉን የሚሸከመው ይኸው አየር ነው። ሩብ ያህሉ ሲጎድል፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነቱ 15 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። ሞተሩም የሚውጠው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሜዳው 3.8 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ጎማው የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው። እንግዲህ የሚቀነሰው ክብደት ነው፤ ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ ነዳጁን ቀንሶ መነሳት ነው። ዳለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳን ስለማይሞላ እዚያ ሞልቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ ነዳጅ ይበላል።

መንደርደር ስንጀምር በልቤ ቆጠርኩ። 30... 40... እማማ አማተቡ። 45 አልፎ አፍንጫው ቀና አለ።

ደብሊን ስናርፍ እማማ ሌሊት ጠጥተው የከደኑትን ጠርሙስ ከመቀመጫው ኪስ አወጡት። ወገቡ ተጨማዶ ጎድጉዷል።

"ማን ጨመቀብኝ?"

"አየሩ ነው እማማ። እዚህ ወፍራም ነው።"

አገላብጠው አዩት። "ታዲያ ጭነት ቢቀነስ ኖሮ ሳንቆም እንሄድ ነበር?"

"በጣም ቢቀነስ፣ ምናልባት።"

ከእግራቸው ሥር ያለውን የሽሮ ፌስታል በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ ራሳቸው አስጠጉት።

"ይቁም እንጂ!"