ፓርቮ የያዘውን ቡችላዬን እንዴት እንዳስታመምኩት

ቡችላዬ የ9 ሳምንት ዕድሜ ሳለ አንድ ቀን ማለዳ ምግቡን ሳይነካ ቀረ። ከሳምንት በፊት የመጀመሪያውን ክትባት ወስዶ ስለነበር ከባድ በሽታ ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ወስፋት ነው ብዬ የወስፋት መድኃኒት ሰጥቼው አደርኩ። ያ በከንቱ ያለፈ አንድ ቀን ዛሬም ይቆጨኛል። በማግስቱ ደጋግሞ ያስመልሰው፣ ደም የቀላቀለና ክፉኛ የሚከረፋ ተቅማጥም ያጣድፈው ጀመር።

የእንስሳት ሐኪሟ ሰገራውን መርምራ ፓርቮ ቫይረስ መሆኑን ነገረችኝ። ይህ ቫይረስ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚያጠቃ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ያወድማል፤ በመቅኔ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችን የሚያመርቱትንም ስለሚያጠፋ፣ ባክቴሪያዎች በተራቆተው አንጀት አልፈው ወደ ደም ሲገቡ የሚመክታቸው አይኖርም። አንቲባዮቲክ የታዘዘለትም ቫይረሱን ይገድላል ተብሎ ሳይሆን እነዚህን ተከታይ ወራሪዎች ለመግታት ነበር።

ተከትቦ እንዴት ታመመ የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ በላይ አስጨነቀኝ። ቡችላ ከእናቱ እንገር የሚያገኘው የመከላከያ አቅም ለጥቂት ሳምንታት የሚጠብቀው ቢሆንም፣ ክትባቱንም የሚያከሽፈው ያው አቅም ነው። መቼ ተሟጦ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ፣ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል። እኔ ግን አንዱን መርፌ እንደ ሙሉ ጥበቃ ቆጥሬ፣ ብዙ ውሾች የሚመላለሱበት ሜዳ ላይ አንሸራሽሬው ነበር።

አራት ቀን ሙሉ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፤ ማስመለሱን የሚያስታግስ መድኃኒትም ተጨመረለት። ትንንሽ ቡችሎች የሚያጠራቅሙት ስኳር እጅግ ጥቂት በመሆኑ የደሙ የስኳር መጠን በየጊዜው ይለካ ነበር። እኔ ደግሞ ድዱን በጣቴ ተጭኜ ስለቅ ቀለሙ የሚመለስበትን ፍጥነት ማየት ተማርኩ፤ ጤነኛ ቡችላ ላይ ከ2 ሴኮንድ አያልፍም። ሆዱ እንዲያርፍ ማስራብ ይሻላል የሚል እምነት ነበረኝ፤ ሐኪሟ ግን ማስመለሱ ጋብ እንዳለ ለስላሳ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ አስጀመረችው፤ አንጀት ቶሎ የሚያገግመው ሲመገብ ነውና።

ከቤት ጽዳቱ በላይ ያደከመኝ ነገር የለም። ሳሙናም ሆነ የእጅ አልኮል ይህን ቫይረስ አይገድለውም። ቆሻሻውን አስቀድሜ በደንብ ካጠብኩ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጬ ወለሉን ለ10 ደቂቃ አርጥቤ አቆየሁት፤ ቆሻሻ ሳይነሳ የተደፋ በረኪና ኃይሉን ያጣልና። አፈሩን ግን እንዲህ ማጽዳት አይቻልም፤ ቫይረሱ እዚያ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ቡችላዬ ድኖ መቦረቅ ከጀመረ በኋላም ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ወደ ግቢዬ እንዲገባ አልፈቀድኩም።