ፀነስኩ ብለሽ የድብርቱን ኪኒን በአንድ ቀን አትጣዪው

ዛሬም ደብረ ማርቆስ ላይ ያው ጥያቄ ተደጋገመ፦ «ፀንሻለሁ፤ የድብርቱን ኪኒን ልተወው?» እህቴ፣ በራስሽ አታቋርጪው። በቀን 50 ሚሊግራም የሚዋጥ ሰርትራሊን በድንገት ሲቀር በቀናት ውስጥ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ውርር የሚል ስሜት ሊያመጣ ይችላል፤ ድብርቱም ሊያገረሽ ይችላል። ሌላው የድብርት ኪኒን ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ የማቋረጡ ስሜት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የምትወስጂው የድብርት ኪኒን ፓሮክሰቲን ከሆነ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪምሽን አማክሪ፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከፅንስ የልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ይያያዛል።

ጸበል ስትገቢም ኪኒንሽን ያዢ፤ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም። ስትጾሚ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር አስተካክዪ እንጂ ቀኑን አትዝለዪ።

ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ማጥባት ይቻላል። ምን እንደምትወስጂ አዋላጇ ከምጥ በፊት ትወቅ፤ አንዳንድ ሕፃን ለጥቂት ቀናት ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፤ እንድትከታተለው ነው።