የጀልባ ሞተር ቤሪንግ
እዚህ ፍሎሪዳ ዛሬ ከአንድ የጀልባ ሞተር ጋር ስንታገል ዋልን። ሼቭሮሌት 454 (ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች) ነው፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ፣ ግን ከሌላ ፋብሪካ የተገዛ። ባለቤቱ «የ454 ቤሪንግ ግጠሙበትና ጨርሱ» ይላል፤ ቤሪንግ ማለት ዘንጉ ውስጡ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ልባስ ነው። ቀላል መስሎታል! እንዲህ ዓይነቱ ክራንክ ብዙ ጊዜ እንዳይሰበር ተብሎ የአንገቱ (ቤሪንጉ የሚያቅፈው ክፍል) ጥግ ሰፋ ባለ ኩርባ ነው የሚሰራው፣ ጠርዙ ያልተሞረደ ቤሪንግ ከገባበት ኩርባው ላይ ወጥቶ ይፋተጋል። እኛም ጠርዙ የተሞረደውን መረጥን።

ከዛ የዘይቱ ክፍተት አለ፣ በአንገቱና በቤሪንጉ መሃል ዘይት የሚገባበት ማለት ነው። በተለምዶ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሺህኛ ኢንች ገደማ ነው፣ ዋናው አንገት 2.75 ኢንች ስለሆነ 0.0027 ኢንች አካባቢ ይመጣል። የጀልባ ሞተር ግን እንደ መኪና ቁልቁለት ላይ አያርፍም፣ ጭነቱን እንደተሸከመ ለሰዓታት ይሮጣል። ትንሽ ላላ ይበል ባይ ነኝ። ባለቤቱ ማይክሮሜትሩን (የውፍረት መለኪያውን) አይቶ «ፀጉር ልትሰነጥቁ ነው እንዴ?» አለን። ክፍተቱ እኮ ራሱ አንድ ፀጉር ቢያክል ነው!