ለሽምግልና ሄደን ለቱርቦ ተቀመጥን

የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ሲነሳ ከዘመዱ ሁሉ መኪና ያለኝ እኔ ሆንኩና ሹፌርነቱ ተጫነብኝ። መኪናዬ ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ናት። ቆማ ላያት ግርማ ሞገሷ ያስፈራል፤ ዳገት ካየች ግን ሐሳቧን ትቀይራለች። የልጅቷ ቤት ከአራዳ ጊዮርጊስ በላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹን ያነሳሁት ለገሃር። መሃል ላይ ያለው እንግዲህ ቸርችል ጎዳና ነው፣ ከነዳገቱ።

ከፊት የተቀመጡት ጋሽ ኤንትሬ ናቸው። መጠሪያ ስማቸው አይደለም፤ ወጣትነታቸውን ሙሉ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ሲመላለሱ ስለኖሩ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። ከኋላ የልጁ ንስሐ አባት ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መስቀላቸውን ይዘው። ከጎናቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም፣ ለሠርግና ለሽምግልና ብቻ የሚወጣውን ግራጫ ሱፍ ግጥም አድርገው።

ፖስታ ቤቱን እንዳለፍን ዳገቱ ጠና። ነዳጅ ረገጥኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ፍንክች አላለችም። ከኋላችን የተነሳው ጥቁር ጭስ መንገዱን ሸፈነው፣ የቼክ ኢንጅን መብራትም ቦግ አለ። አጠገባችን ያዘገመ ሚኒባስ ወያላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አባን ከነመስቀላቸው ቢያያቸው፣ «አባ፣ ዛሬስ ዕጣኑ በዛ!» አላቸው። አባ ባረኩት።

ዳር ይዤ አጠፋኋት፤ አስነሳኋት፤ ደህና ሆነች። የቆየ ዘዴያችን ነው። ኮምፒውተሯ የጠየቀችውን የአየር ግፊት ስታጣ ሞተሩ እንዳይጎዳ ብላ ጉልበቱን ትቆርጣለች። ስትጠፋ ቂሟን ትረሳለች፤ ዳገት ላይ ስትረገጥ ታስታውሳለች።

«ለባለሙያ አላሳየሃትም?» አሉ የሒሳብ ሹሙ።

አሳይቻለሁ እንጂ! አንድ ጋራዥ ስካነር ሰክተው ፒ 0299 የሚል ኮድ አወጡ። ቱርቦው፣ ማለትም አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚያጎርሰው ዕቃ፣ የሚጠበቅበትን ግፊት አላመጣም ማለት ነው። ለምን እንዳላመጣ ኮዱ አይናገርም፤ ያንን የተናገረው መካኒኩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሳለ የግፊት ሴንሰሩ 76 ኪሎፓስካል አለ። መካኒኩ ስልኩ ላይ መመሪያ አየና «100 አካባቢ ማለት ነበረበት፣ ሴንሰሩ ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ከሶማሌ ተራ አዲስ ተገዝቶ መጣ። አዲሱም 76 አለ። «የሞተ ሸጠውልህ ነው» ተባልኩ። ሌላ መጣ፤ 76። ይሄኔ መካኒኩ ትንሽ ዝም አለና «በቃ ቱርቦው ነው፣ ሙሉው ይቀየር» አለ። የጠራልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች።

የሒሳብ ሹሙ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሦስት ሒሳብ ያዥ ለየብቻው ደምሮ አንድ ዓይነት ድምር ካመጣ፣ የሚመረመረው አለቃው ነው» አሉ።

ጋሽ ኤንትሬ ግን እንባ እስኪያወጡ ሳቁ። «ልጄ፣ አዲስ አበባ እኮ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት! ሞተሩ ጠፍቶ ሴንሰሩ የሚለካው የውጭውን አየር ነው፤ 100 የሚለው ባሕሩ ጋ ነው። ያንኑ ሴንሰር አሰብ ብትወስደው 100 ይልህ ነበር። እዚህ ከአየሩ ሩቡ የለም። የኔ ኤንትሬ ቱርቦ የሚባል አታውቅም፤ አሰብ ላይ አንበሳ ነበረች፣ ጣርማ በር ስትደርስ ታለከልካለች። እና የማንን ሴንሰር ልንቀይር ነው?»

ገንዘቤን አሰብኩና ዝም አልኩ።

«ደግሞ ቱርቦው ሞቶ ቢሆን አጥፍተህ ስታስነሳ ጉልበቷ አይመለስም ነበር። የሞተ ነገር አይነሳም።» አባ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመኪና ማለቴ ነው፣ አባ!» አሉ ጋሽ ኤንትሬ ቶሎ ብለው።

ከዚያ ሬዲዮ አዘጉኝ፣ መስኮቱን ሁሉ አስከፈቱን። «አሁን ርገጥ።» ረገጥኩ። ከኮፈኑ ሥር ፊሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፤ ነዳጁን ስለቀው ጠፋ። ጋሽ ኤንትሬ ጣታቸውን አነሱ። «ነፋስ ያመልጣል። ወደ ተክለሃይማኖት ጠምዝዘው፤ ጎሚስታ እንፈልግ።»

«መካኒክ ነው ጎሚስታ?» አልኩ።

«ነፋስ የት እንደሚያመልጥ ከጎሚስታ በላይ ማን ያውቃል?»

የተገኘው ጎሚስታ ሦስት ሽማግሌ ሲወርድበት መጀመሪያ ሊያስታርቁት የመጡ መስሎት ደነገጠ፤ ከማን ጋር እንደተጣላ አልጠየቅንም። ጋሽ ኤንትሬ ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚገባውን ጎማ ቱቦ አስፈቱት። ጎሚስታው ባዶ የድልህ ቆርቆሮ አመጣ፣ ቂጡን በስቶ የጎማ ቫልቭ ከተተበት፣ ቆርቆሮውን ቱቦው አፍ ላይ ወትፎ በፋሸታ፣ በቱቦ ማጥበቂያው ቀለበት፣ አሰረው። «ከ1 ባር እንዳታልፍ!» ብለው ኮምፕሬሰሩን አስከፈቱ። የኦሞ አረፋ በየመገጣጠሚያው ተቀባ። የሒሳብ ሹሙ ማየት ፈለጉና ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አሉ። ቱርቦው የጨመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው ከኢንተርኩለሩ ጋር የሚገናኘው ወፍራም ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ ኖሯል። ግፊት ሳይኖር ስንጥቁ ግጥም ይላል፣ ብታየው ምንም የለም። አየሩ ሲገባ ተከፈተና አረፋውን በሙሉ ግራጫው ሱፍ ላይ ተፋው።

«እነሆ ቱርቦህ» አሉ የሒሳብ ሹሙ፣ ከአረፋው ውስጥ።

ጭሱም ከዚያው ነው። ሞተሯ አየሩን መግቢያው ላይ ለክታ ናፍጣውን በዚያው ልክ ትረጫለች፤ አየሩ መንገድ ላይ ሲያመልጥ ናፍጣው ሳይቃጠል ይቀርና በማርሚታው ጠቁሮ ይወጣል። ስንጥቁ ጫፉ ላይ ስለነበር ጎሚስታው ቆርጦ ጣለው፣ የቀረውን ስቦ በፋሸታ አጠበቀው። አዲስ ቱቦ እስኪገዛ ይበቃል ተባለ። የተከፈለው አንድ የጎማ ቀዳዳ ከሚደፈንበት ብዙም አይበልጥም። ቸርችልን ስንወጣ አባ «ቀስ በል፣ ገና ልጅቷን አልጠየቅንም» እስኪሉ ድረስ መኪናዋ ከነፈች።

ዘግይተናል። የልጅቷ አባት ፊታቸውን አጥቁረው በሩ ላይ ቆመዋል። «ቁጭ በሉ» አሉ። ደንቡ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አባ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ጀመሩ። ሰውየው ግን ዓይናቸው ሱፉ ላይ የደረቀው የኦሞ ካርታ ላይ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

ጋሽ ኤንትሬ አስረዱ። ስለ ቆርቆሮው ሲደርሱ ሰውየው ወንበር ሳቡ። «የኔም ናፍጣ ናት እኮ፤ ዳገት ላይ ትሞትብኛለች፣ ቱርቦው ይቀየር ብለውኛል!» ጋሽ ኤንትሬ ይሄን ሲሰሙ ደንቡንም ልጁንም ረስተው ቁጭ አሉ። «ጭሷ ጥቁር ነው ነጭ?» አባ በመስቀላቸው ጎን ጎሸም አደረጓቸው፤ አልሰሙም።

ከቡና በኋላ መልስ ተሰጠን። ለልጅቷ ጉዳይ፣ ዘመድ ተማክሮ፣ ከበዓሉ በኋላ ተመለሱ። ለመኪናዋ ረቡዕ፣ በጠዋት፣ ቆርቆሮውን ይዘን።