«ከግፊቷ በቀር»

ፋርማሲ ምሽት ላይ ይጨናነቃል። ከሥራ የወጣው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ጎራ ይላል። በዚያ ግርግር መሃል አንድ አባት መጡና ለተለማማጁ ልጅ «ሳይነሴ ተነስቶብኛል፤ ያቺን አክታ የምታወጣውን ክኒን ስጠኝ» አሉት። አፍንጫቸው ድፍን ከማለቱ የተነሳ «ም» ለማለት ሲሞክሩ «ብ» ነው የሚወጣቸው።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ እጁም ፈጣን። ከመደርደሪያው አንዱን ካርቶን አንስቶ ሊሰጣቸው ሲል ዓይኔ ዐረፈበት። ከጎኑ ካለው ጋር መንትያ ነው፤ ቀለሙም ስሙም አንድ። ልዩነቱ ስሙ መጨረሻ ላይ የተቀጠለች አንዲት ፊደል ናት። እሷ ካለች ግን ውስጡ አክታ የሚያቀጥነው ጓይፈነሲን ብቻ አይደለም፤ ሱዶኤፌድሪንም አለ። ሱዶኤፌድሪን አፍንጫ ውስጥ ያበጡ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ እውነትም ይከፍታል። የሌላውን አካል ደም ሥር ግን አይምርም። ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም የለም» አሉ ገንዘብ እያወጡ። «ከግፊቷ በቀር።»

«የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«እሷማ የዘወትር ናት። መድኃኒት ትባላለች እንዴ?»

ልጁ ካርቶኑን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው።

ፊደል የሌላትን መስጠት እንችል ነበር። ጓይፈነሲን ብቻውን ግፊት አያስነሳም። ለአዋቂ በየ4 ሰዓቱ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2400 ማለፍ የለበትም። ግን የተሠራው ለደረት አክታ ነው። ለሳይነስ ይጠቅማል የሚለው ማስረጃ ስስ ነው። ያበጠ ቀዳዳ ንፍጡ ስለቀጠነ ብቻ አይከፈትም። «ረድቶኛል» የሚል ሰው ሞልቷል፤ አልከራከርም። ግማሹን የሚረዳው አብሮ የሚጠጣው ብዙ ውኃ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ግን አለኝ።

«እስካሁንስ ምን ሲያደርጉለት ነበር?» አልኳቸው።

ከኮታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ የአፍንጫ ስፕሬይ አወጡ። ጫፏ ተላልጧል፤ ጽሑፏም ግማሹ ጠፍቷል። ዛይሎሜታዞሊን ናት፤ እሷም የአፍንጫን ደም ሥር አጥብባ የምትከፍት። «ይቺ ባትኖር እንቅልፍ የለኝም። ጉንፋን የያዘኝ ጊዜ ጀመርኳት፤ አሁን ሦስት ሳምንት አለፋት።»

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ስፕሬይ ከጥቂት ቀናት በላይ ከቆየ ራሱ አፍንጫ ይደፍናል። ኃይሉ ሲያልቅ እብጠቱ ብሶ ይመለሳል፤ ሰውየው ደግሞ ይነፋል። ጉንፋኑ ምናልባት ከሄደ ቆይቷል። ለግፊት በሽተኛም ቢሆን ያለሐኪም ምክር የሚመረጥ አይደለም።

ይህን ስነግራቸው ተቆጡ። «ክኒን ፈልጌ መጥቼ ያለኝንም ልትቀሚኝ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሌሊት መተንፈስ ያቃተው ሰው ትምህርት አይደለም የሚፈልገው። ስለዚህ ነገሩን አሳጠርኩት። መጀመሪያ ስፕሬይዋን በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ያቁሙ፤ እሱ ሲከፈት በሌላኛው። እስከዚያ በተዘጋጀ የጨው ውኃ ይጠቡት፤ ቤት ውስጥ የሚያዘጋጁት ከሆነ ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከ10 ቀን ያለፈ ስለሆነ ሐኪም ይየው። ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን አካባቢ ካበጠ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሂዱ። የጨው ውኃውን ብቻ ይዘው፣ እያጉረመረሙ ወጡ።

መንትያዎቹን ካርቶኖች በማግስቱ ለያየናቸው፤ ፊደል ያላት ከጀርባችን ወዳለው መደርደሪያ ሄደች። ልጁም «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ማለቱን ትቷል። «ጠዋት ጠዋት የሚውጡት ነገር አለ?» ነው የሚለው። ስንቱ ነው አሁን ከቦርሳው የስኳሩን፣ የግፊቱን፣ የልቡን እያወጣ የሚደረድርለት!